ከሸማ ክንፍ እስከ አደጋ መዝገብ፦ የበረራ ደኅንነት ታሪክ ለመርካቶ ምን ይነግረናል?



ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ በእሳት ተያያዘ። ያ ሌሊት ምን ይመስል እንደነበር መርካቶ ለምትውል ሴት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ከአባሎቻችን መካከል የዓመታት ጥሪታቸው በአንድ ሌሊት አመድ የሆነባቸው አሉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት በየቡናው ላይ የሰማነው ቃል ሁለት ዓይነት ነበር። ግማሹ ሰው «ኮንታክት ነው» አለ፤ ግማሹ ደግሞ «የመጣው ከላይ ነው፤ ዋናው ጤና፣ ሀብት ይተካል» አለ። ሁለቱም ቃሎች ያጽናናሉ። የሚቀጥለውን እሳት ግን አይከለክሉም።

ለዚህ ዕትም የታሪክ ዓምዳችን የአውሮፕላንን ሥራ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። በርበሬ ለምትነግድ ወይም ምናለሽ ተራ ምጣድና ከሰል ማንደጃ ለምትሸጥ እናት ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ አደጋ በደረሰ ቁጥር «ለምን ሆነ? እንዳይደገም ምን ይለወጥ?» ብሎ ሲጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ሲያስቀምጥ የኖረ ሙያ ቢኖር ይህ ነው። ከዚህም ታሪክ ትልቅ ድርሻ ያለው በገዛ አገራችን፣ ጥቂቱም ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው በልደታ ሜዳ ላይ የተሠራ ነው።

ጨርቅ፣ እንጨትና አንድ ሣጥን

የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከእንጨት፣ ከሽቦና ከጨርቅ የተሠሩ ነበሩ። በአሜሪካ ብስክሌት ሠርተው የሚሸጡት ወንድማማቾች ዊልበርና ኦርቪል ራይት ክንፋቸውን የለበጡት በስፌት መኪና በተሰፋ ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው። ሸማ ተራ ያደገች ልጅ ብታየው ግራ አይገባትም።

ወንድማማቾቹን ከሌሎች የለያቸው ድፍረታቸው አልነበረም፤ ደፋሮችማ ከነሱ በፊትም ነበሩ፣ አንዳንዶቹም ወድቀው ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ1901 አንድ ረጅም ሣጥን ሠርተው በአንዱ ጫፍ ማራገቢያ ገጠሙበት። በውስጡም ሁለት መቶ ያህል ትንንሽ የክንፍ ሞዴሎችን እየለዋወጡ ነፋሱ እያንዳንዱን ምን ያህል እንደሚያነሳው ለክተው መዘገቡ። ሰው ከመውደቁ በፊት ሞዴሉ በሣጥን ውስጥ ይውደቅ ማለታቸው ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድ ቆየ፤ የሄደውም 37 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። መዝገቡ ግን ከዚያ በኋላ ለመጡት ሁሉ መንገድ ከፈተ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1908 ኦርቪል በዋሽንግተን አቅራቢያ ቶማስ ሰልፍሪጅ የተባለ የጦር መኮንን ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ወደቀ። ሰልፍሪጅ ሞተ፤ በሞተር አውሮፕላን አደጋ የመጀመሪያው ሟችም እርሱ ሆነ። ኦርቪል ክፉኛ ተጎዳ። አስተማሪ የነበረችው እኅታቸው ካትሪን ሥራዋን ትታ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ አስታመመችው። ወንድማማቾቹ ስብርባሪውን መርምረው ምክንያቱን አገኙ። የአንዱ ፕሮፔለር እንጨት ተሰንጥቆ ሲንቀጠቀጥ ከአንድ የመወጠሪያ ሽቦ ጋር ተላትሞ ነበር። በዚህ መንገድ ከአደጋ በኋላ ስብርባሪ ለቅሞ መጠየቅ የሙያው ልማድ እየሆነ ሄደ።

አውሮፕላን በኛ ሰማይ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የተሰኘ አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አሳረፈ። አውሮፕላን በከተማችን ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ከጣልያን ወረራ በፊት አውሮፕላን ማብረር የተማረች አንዲት ኢትዮጵያዊትም ነበረች፤ ሙሉእመቤት እምሩ። ወረራው ትምህርቷን አቋረጠው። ስሟን ለሴት ልጆቻችን እንድትነግሩልን አደራ እንላለን።

አብራሪዎቹ አዲስ አበባ ላይ የገጠማቸው ፈተና ዛሬም አልጠፋም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለሞተሩ የሚደርሰው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ መንደርደሪያው መርዘም፣ ጭነቱ መቅለል አለበት። ቀትር ላይ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በባሕር ጠረፍ ልክ የተሰላ ሂሳብ ወደ ደጋ ሲወጣ ሰው ይገድላል። የሌላውን ቦታ ልክ እንዳለ ወስዶ መጠቀም እንደማያዋጣ አገራችን ለአብራሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አስተምራለች።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ አብራሪ ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በአገራችን አንዲት ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠራ። «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረችው ናት። አውሮፕላኗን ወራሪው ወደ ኢጣልያ ወሰዳት፤ ለብዙ አሠርት ዓመታትም በሮም አቅራቢያ በሚገኝ ሙዚየም ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

የዚያን ዘመን አየር ኃይላችንን የመራው ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የእርሱ ታሪክ ለኛ ዓይነት ማኅበር ልዩ ትርጉም አለው። በቺካጎ ጥቁሮች ከነጮች ሜዳ መብረር በተከለከሉበት ጊዜ ሮቢንሰንና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ ማኅበር አቋቁመው የራሳቸውን የማረፊያ ሜዳ በእጃቸው አለሙ። የማኅበሩን የመጀመሪያ አውሮፕላን በራሷ ገንዘብ የገዛችው ጃኔት ሃርመን የተባለች ነርስ ናት። እኛ በዕቁብና በቁጠባ የምንሠራውን እነሱ በአውሮፕላን ሠሩት። ሮቢንሰን ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን ሲያሠለጥን ኖሮ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። የተቀበረውም በአዲስ አበባ ነው።

ሞኝና ወረቀት

ጣልያን ድንበራችንን ጥሶ በገባበት በጥቅምት 1935 (እ.ኤ.አ.)፣ በወሩ መጨረሻ፣ በአሜሪካ አንድ አዲስ ባለ አራት ሞተር የቦይንግ አውሮፕላን ለሙከራ ተነስቶ ወዲያው ተከሰከሰ። የሚያበሩት የታወቁ፣ የተፈተኑ ሰዎች ነበሩ፤ አውሮፕላኑም አልተበላሸም ነበር። መሬት ላይ በቆመበት ነፋስ እንዳያንገላታው መሪዎቹን የሚቆልፍ መቆለፊያ ነበረው፤ ከመነሳታቸው በፊት ግን አልተፈታም።

ከዚያ በኋላ የተገኘው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነበር። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት፣ በበረራ ላይና ከማረፉ በፊት የሚያደርገውን ሁሉ በተራ በተራ የሚያነብበት አንድ ወረቀት ተዘጋጀ። ቼክሊስት የምንለው ይህ ነው። ወረቀቱ የተጻፈው አላዋቂን ለማስተማር አልነበረም። አዋቂም ሲደክመው፣ ሲቸኩል ወይም ሐሳቡ ሲበተን እንደሚረሳ በመታወቁ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረታችንና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረታችን በዚህች ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

ከሮንዴላ የማይበልጥ ቁራጭ

በእንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ የሚባል የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ ነበር። እዚያ ትሠራ የነበረች ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች ኢንጂነር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አንድ ከባድ ችግር ገጠማት። የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች በድንገት ወደ ታች ሲያዘቀዝቁ ነዳጁ ሞተሩን ያጥለቀልቀውና ሞተሩ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1941 ሺሊንግ ያመጣችው መፍትሔ በነዳጁ መስመር ላይ የምትገባ፣ መሐሏ የተበሳ፣ ከሮንዴላ የማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ ነበረች። ቀዳዳዋ ሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ነዳጅ ብቻ ታሳልፋለች። ከዚያም ሺሊንግ በሞተር ብስክሌቷ በየጦር ሰፈሩ እየዞረች አስገጠመችው። ምናለሽ ተራ ከበርሜል ላሜራ ምጣድና ማንደጃ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ትልቅ ችግር በትንሽ ብረት እንደሚፈታ ለማመን አይቸገርም።

በዚያው ጣቢያ ከጦርነቱ በኋላ ሌላ ምርመራ ተካሄደ። ኮሜት የተባሉት የመጀመሪያዎቹ የመንገደኛ ጄቶች እ.ኤ.አ. በ1954 በጥርና በሚያዝያ ሁለቱ በአየር ላይ ተበታተኑ። መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ አውሮፕላን በውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በበረራ ላይ እንደሚሆነው ውስጡን በግፊት ሞልተው መልሰው ያስተነፍሱት ጀመር። ይህን ደጋግመው ሲያደርጉ አካሉ በአንድ የመስኮት ጥግ ጀምሮ ተቀደደ። ሽቦ አንድ ጊዜ ቢታጠፍ አይበጠስም፤ እየታጠፈና እየተቃና ሲሄድ ግን ይበጠሳል። ብረትም ይደክማል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የአውሮፕላን ክፍል ዕድሜው በሰዓትና በበረራ ብዛት ይቆጠራል።

ከልደታ እስከ ቦሌ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ዳግላስ ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ በአግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ይሆናል። ለመርካቶ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጭነት መኪናም እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ላይ አብራሪዎቹም ቴክኒሻኖቹም ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ከአጠገባቸው ሆነው ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን በአዛዥነት ያበረረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆነ። በ1955 ዓ.ም. ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ አጠረው፤ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። እዚያም የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ዛሬ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ለመማር ይመጡባቸዋል። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት በረራ ወደ ባንኮክ ተደረገ።

የጥገና ሥራውን ከገበያችን ሥራ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ምናለሽ ተራ ላይ ዕቃ በዓይንና በእጅ ይፈተናል፤ ደህና ከሆነ ይሸጣል። በሃንጋር ውስጥ ግን አንድ ብሎን አዲስ ቢመስልም የት እንደተሠራ፣ ማን እንደፈተነው የሚናገር ወረቀት ከሌለው ለቁራሌው የሚሰጥ ቁርጥራጭ ነው። የገጠመው ቴክኒሻን ይፈርማል፤ የመረመረውም ይፈርማል። ፊርማው የሚፈለገው ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር መንገዱን ወደ ኋላ ተከትሎ ለመሄድ ነው።

ርግቦቹ

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 737 መንገደኞች ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ገጠመው። ሁለቱም ሞተሮች ርግቦቹን ዋጡ። አውሮፕላኑ ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፉ፤ በሆዱ ተንሸራትቶ አረፈና እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ርግብን ማን ይፈራል? የአደጋው ትምህርት ግን እዚህ ላይ ነው። ወፍ በዘፈቀደ አይሰበሰብም፤ የሚበላው ባለበት፣ ውኃና ማደሪያ ባገኘበት ይሰበሰባል። ስለዚህ የበረራ ደኅንነት በሞተሩ አያበቃም። በሜዳው ዙሪያ ያለው ሣር፣ የተደፋ እህል፣ የተከማቸ ቆሻሻ ሁሉ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የሱቅሽ ደኅንነትም በሱቅሽ በር እንደማያበቃ ሁሉ።

መጋቢት 1

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። የ35 አገር ሰዎች ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በውጭ አገር ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ ለመደፍደፍ የቸኮሉ ነበሩ። የኛ መርማሪዎች ግን ጥቁር ሣጥን የሚባሉትን፣ ቀለማቸው ግን ብርቱካናማ የሆነውን ሁለቱን መቅጃዎች አስነበቡ። ሣጥኑ ያወራው ይህ ነው። በአፍንጫው በኩል ያለ የአንግል መለኪያ ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ የዚያን አንድ ሴንሰር ቃል ብቻ ያመነ ኮምፒውተርም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋ። በወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን ቅደም ተከተል መፈጸማቸውን፣ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ግን እንዳልቻሉ በዓለም ፊት ቆመው ተናገሩ። ያ ዓይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ፤ እንደገና የተፈቀደውም ኮምፒውተሩ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር ከተደረገ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨው ግን ሌላ ነው። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ያ የኢንዶኔዥያው አውሮፕላን ደግሞ ከመውደቁ አንድ ቀን በፊት ያንኑ ችግር ገጥሞት፣ በሌሎች አብራሪዎች እጅ ለጥቂት ተርፎ አርፏል። አብራሪዎቹ ካረፉ በኋላ የጻፉት ማስታወሻ ግን የሆነውን ሁሉ አልያዘም ነበር። በማግሥቱ ለተነሱት ሰዎች ያልተጻፈው ዋናው ነገር ነበር።

መርማሪ ፈራጅ አይደለም

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የአደጋ ምርመራ ዓላማ አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህ ለወንጀለኛ መራራት አይደለም፤ ፍርድ ቤት ለዚያ አለ። ምክንያቱ ሌላ ነው። ሰው እንደሚወቀስ ካወቀ ይደብቃል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»።

በገበያችንም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዲቫይደሯ ግሎ የጨሰባት ሴት ነቅላ ትጥላለች እንጂ ለጎረቤት አትናገርም፤ «እሳት ልታስነሳብን ነበር» እንዳትባል። ከሰሏን በበርሜል ክዳን ሸፍና የሄደች፣ ጠዋት ስትመጣ ጣውላው ጠቁሮ ያገኘች ሴት «ተመስገን» ብላ ታልፋለች። ተመስገን ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ጠቋራ ጣውላ ከኢንዶኔዥያው አውሮፕላን የዋዜማ ቀን ጋር አንድ ነው። እሳቱ ነገ በሌላዋ ሱቅ ይነሳል። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ቢጮህ ምን ይረባል?

እኛ የዕቁብ ዕጣ ሳንጽፍ አንሰጥም፤ የቁጠባ ብር ሳናስፈርም አንቀበልም። መዝገብ መያዝ ከማንም መማር አያስፈልገንም። ለገንዘባችን የምንይዘውን መዝገብ ለደኅንነታችንም እንያዝ ነው የምንለው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ሦስት ነገር እንድንጀምር ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ «ለጥቂት የተረፍንበት» የሚል መዝገብ በጸሐፊያችን ዘንድ ይቀመጥ። ማንኛዋም አባል የጋለ ገመድ፣ ያፈሰሰ ቡታጋዝ፣ የተዘጋ መተላለፊያ ወይም ያልሠራ የእሳት ማጥፊያ ካጋጠማት ታስመዝግብ። የአስመዝጋቢዋ ስም አይጻፍ፤ ቀኑ፣ ተራው፣ የሆነው ነገርና የተደረገው መፍትሔ ይጻፍ። መጻፍ የማትችል እናት ብትነግር ጸሐፊዋ ትጽፍላታለች።

ሁለተኛ፣ በየሱቁ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ማታ ከመዝጋት በፊት የሚነበቡ አምስት መስመሮች ይለጠፉ፦ ከሰሉ ጠፍቷል ወይ? ዲቫይደሩ ተነቅሏል ወይ? ቡታጋዙ ተዘግቷል ወይ? መተላለፊያው ክፍት ነው ወይ? ዘበኛው ቁልፉ ያለበትን ያውቃል ወይ? ሃያ ዓመት የዘጋችም ሴት ታንብበው፤ ካፒቴኖቹም ያነብባሉና።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ሁለቴ የተጻፈ ችግር ካለ የዚያን ወር የጋራ ሥራችን እርሱን ማስተካከል ይሁን። ደጋፊዎቻችንም ለማኅበራችን የሚሰጡት ድጋፍ የት እንደሚያስፈልግ ከዚሁ መዝገብ ላይ ማየት ይችላሉ።

መዝገቡ ተገዝቷል፤ ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ነው። ጸሐፊያችን ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ በማኅበራችን ቢሮ ትገኛለች።